ለምንቀባውና ለምንገዛው ዕቃ ደህንነት የትኛው ሕግ ይሻላል? ከወሎ ገበያ አንጻር የተደረገ ንጽጽር

ከጅቡቲ የሚነሳው ጭነት ሚሌን አልፎ በባቲ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። ከዚያ ኮምቦልቻ፣ ቀጥሎ ደሴ። የምንቀባው ክሬም፣ የግቢ በር ቀለም፣ ልጅ አፉ ውስጥ የሚከተው መጫወቻ፣ በረኪናው፣ የትኋን መድኃኒቱ፣ ብዙው በዚህ መንገድ ይገባል። ሌላው ከአዲስ አበባ በጣርማበር በኩል ይመጣል። መደርደሪያ ላይ ከተሰለፈ በኋላ ግን ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሻጩም ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ይህ ጽሑፍ የትኛውን ክሬም እንደምትገዙ አይነግራችሁም። የሚያወዳድረው ሕጎችን ነው። መንግሥታት በቤት ዕቃ ውስጥ ያለን ኬሚካል ለመቆጣጠር የተለያየ መንገድ ይከተላሉ። አንዱ ይከለክላል። አንዱ ያስመዘግባል። አንዱ ማስጠንቀቂያ ያስለጥፋል። አንዱ ደግሞ ገበያ ወርዶ ይለካል። የከተማ ምክር ቤት አባል፣ የሸማቾች ማኅበር መሪ፣ የትምህርት ቤት ግዥ ኮሚቴ፣ ነጋዴ ወይም የጤና ባለሙያ ከሆናችሁ አንድ ቀን "ምን ዓይነት ደንብ ይውጣ?" ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። የጻፍኩት ለዚያ ቀን ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እኔ ሕግን የምመዝነው ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ በሚያመጣው ለውጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያማረ፣ ባቲ ላይ የማይታይ ደንብ ቤታችን ያለውን ልጅ አይጠብቅልንም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ሲሆን "ዓ.ም." ብዬ እጽፋለሁ። በአገራችን አዋጅና ደንብ ቁጥር ውስጥ ያለው ዓመትም የእኛው ነው።

## መጀመሪያ መመዘኛዎቹ

ማስረጃ የማቅረቡ ሸክም የማን ነው? አስመጪው "ዕቃዬ አይጎዳም" ብሎ ያሳያል? ወይስ መንግሥት "ይጎዳል" ብሎ ማሳየት አለበት? ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ሸክሙ መንግሥት ላይ ከወደቀ ማስረጃው እስኪሰበሰብ ድረስ ዕቃው ይሸጣል። ጉዳቱም ይቀጥላል።

ሱቅ ድረስ ይደርሳል? ቁጥጥሩ ጉምሩክ ላይ ብቻ ከቆመ፣ በጉምሩክ ሳያልፍ የሚገባውን አይነካም። ክሬም ደግሞ በሻንጣም በከረጢትም ይገባል።

በምን ይለካል? ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። ሊድ፣ ሜርኩሪና ካድሚየም ብረቶች ናቸው። ኤክስ አር ኤፍ የሚባል በእጅ የሚያዝ መሣሪያ አለ። ዕቃው ላይ ሲደቀን በአንድ ደቂቃ አካባቢ ብረቱን ያነባል። ቆዳ ለማቅላት የሚገባው ሃይድሮኪኖን ግን ብረት አይደለም። እሱን ለማግኘት ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ውስጥ መተንተን አለበት። ሁለቱን በአንድ አዋጅ መከልከል ይቻላል፤ ለማስከበር ግን ሁለት የተለያየ አቅም ያስፈልጋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ በወሎ ዩኒቨርሲቲና በደሴ ሆስፒታል ላይ የደረሰውን ዘረፋና ውድመት እናስታውሳለን። እና "በላቦራቶሪ ይረጋገጣል" የሚል አንቀጽ ስናነብ፣ የትኛው ላቦራቶሪ፣ በስንት ቀን፣ በማን ወጪ ብለን እንጠይቅ።

የተከለከለው ሲወጣ ምን ይተካዋል? ቢፒኤ የሚባለው ኬሚካል ጥርት ያለ ጠንካራ ፕላስቲክ ይሠራበታል። የአውሮፓ ኅብረት በ2011 ከሕፃናት ጡጦ አስወጣው። ብዙ አምራቾች ቢፒኤን ትተው ወደ ቢፒኤስ ዞሩ። ሁለቱ በአሠራራቸው የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ቢፒኤስም ሆርሞን እንደሚያውክ በኋላ ታየ። "ከቢፒኤ ነፃ" የሚል ጽሑፍ አይታ የገዛች እናት ያገኘችው ሌላ ስጋት ነው። ስለዚህ "ይህ ይቁም" የሚል ሕግ "በምን ይተካ?" የሚለውንም ማሰብ አለበት።

የቀሩት ሁለቱ አጭር ናቸው። ወጪውን ማን ይከፍላል? ገዥውስ ያነበበው ይገባዋል?

## ለይቶ መከልከል

ለማስረዳት ቀላሉ መንገድ ይህ ነው። ንጥረ ነገሩ ይሰየማል፣ ጣሪያ ይቀመጥለታል፣ ከዚያ በላይ የያዘ አይሸጥም።

በአገራችን ጥሩው ምሳሌ የቀለም ደንቡ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429/2010 በቀለም ውስጥ የሊድን ጣሪያ 90 ፒፒኤም አድርጎታል። በአንድ ኪሎ ቀለም 90 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አሜሪካም ለቤት ቀለም ያስቀመጠችው ጣሪያ ይኸው ነው። ሊድ ቀለም ውስጥ የሚጨመረው ቀለሙን ለማድመቅ፣ ቶሎ እንዲደርቅ ለማድረግና ዝገት ለመከላከል ነው። በብዛት የሚገኘው በዘይት ቀለም፣ በተለይ በደማቅ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ውስጥ ነው። የግቢ በር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የመዋዕለ ሕፃናት ዥዋዥዌ የሚቀባው በዚህ ነው።

ቀለሙ ሲላላጥ አቧራ ይሆናል። ልጅ መሬቱን ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ከተዋጠው ሊድ የልጅ ሰውነት የሚወስደው ከአዋቂው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። የሚጎዳው አእምሮን ነው። የተጎዳው ደግሞ በሕክምና አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት "ይህን ያህሉ አይጎዳም" የሚባል የሊድ መጠን አይታወቅም ይላል።

ክልከላ ለቀለም የሚመችበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተተኪው ይታወቃል። ዋጋው አያስደነግጥም። መለኪያው አለ። የቀለም ፋብሪካም እንደ ክሬም ሻጭ በየጥጉ የለም፤ ጥቂት በር ማንኳኳት ይበቃል።

ክሬም ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሜርኩሪን የሚመለከተው ዓለም አቀፉ የሚናማታ ስምምነት በ2013 ተቀባይነት አግኝቶ በ2017 ሥራ ላይ ዋለ። ከ1 ፒፒኤም በላይ ሜርኩሪ የያዘ መዋቢያ ከ2020 በኋላ እንዳይመረትና ድንበር እንዳይሻገር አለ። በ2023 አባል አገሮች እስከ 1 ፒፒኤም የነበረውን ፈቃድ ጭራሽ አነሱት። ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ በሙሉ እስከ 2025 እንዲቆም ተስማሙ። በወረቀት ደረጃ ከዚህ በላይ ጠንካራ አይገኝም። ሆኖም ፊት የሚያቀላ ክሬም በብዙ አገር ገበያ ላይ አሁንም ሜርኩሪ ይዞ ይገኛል። ሜርኩሪው በቆዳ ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ክሬሙን የማይቀቡት የቤቱ ልጆች እንኳ ከእናታቸው ፊትና ከፎጣው ይነካቸዋል።

ወረቀትና ገበያ ሲራራቁ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ይል ነበር። ስስ ፌስታል ግን ከእጃችን ጠፍቶ አያውቅም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ ማውጣት አስፈለገው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለወሎ ሠርግ ቤት ይጠቅማል። ክልከላ ሁልጊዜ ኬሚካሉን ከሥሩ መንቀል ላይሆን ይችላል። አጠቃቀሙን ብቻ መገደብም ይቻላል። ጥቁር ሂና ውስጥ ቶሎ እንዲጠቁር ፒፒዲ የሚባል የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨመራል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ኬሚካል በፀጉር ቀለም ውስጥ እስከ 2 በመቶ ይፈቅዳል። ቆዳ ላይ ግን አይፈቅድም፤ ውሃ የሚቋጥር ቁስልና ዕድሜ ልክ የሚቆይ አለርጂ ያመጣልና። እንዲህ ያለ ገደብ ለሻጭም ለገዥም ፍትሐዊ ነው። ንጹሑን ሂናና እንሶስላውን አይነካም።

## "መረጃ ከሌለ ገበያ የለም"

የአውሮፓ ኅብረት ሪች የተባለው ሕግ ጁን 1 ቀን 2007 ሥራ ጀመረ። መርሑ ከላይ ያነበባችሁት ርዕስ ነው። በዓመት 1 ቶንና ከዚያ በላይ የሆነ ኬሚካል የሚያመርት ወይም የሚያስገባ ድርጅት ስለ ኬሚካሉ ያለውን መረጃ ሄልሲንኪ ለሚገኘው የኬሚካሎች ኤጀንሲ ያስመዘግባል። ካላስመዘገበ አይሸጥም። ሸክሙ ትክክለኛው ትከሻ ላይ ነው ያረፈው።

እጅግ አሳሳቢ ተብለው የተለዩት ደግሞ ለብቻቸው ይዘረዘራሉ። ዝርዝሩ ከ240 አልፏል። አንድ ዕቃ ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ከ0.1 በመቶ በላይ ከያዘ፣ ማንኛውም ገዥ ሻጩን ጠይቆ በ45 ቀን ውስጥ በነፃ መልስ የማግኘት መብት አለው። ይህን አንቀጽ በጣም እወደዋለሁ። ተራው ሰው እንዲጠይቅ ኃይል ይሰጠዋል።

መዋቢያን የሚገዛው የአውሮፓ ሕግ ለየት ያለ ነው። ከ1,600 በላይ ንጥረ ነገሮች መዋቢያ ውስጥ እንዳይገቡ ይከለክላል። ከዚህ ዝርዝር የበለጠ ግን ሌላው አንቀጹ ያስቀናኛል። ለእያንዳንዱ ክሬም በኅብረቱ ውስጥ አድራሻ ያለው ተጠያቂ ሰው ወይም ድርጅት መኖር አለበት። ስሙም ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። ክሬሙ ቢጎዳ ማን ቤት እንደሚኬድ ይታወቃል ማለት ነው።

ወጪው ግን ከባድ ነው። ሪችን እንዳለ ገልብጦ ማምጣት ለኛ አቅም አይሆንም። ፋይሉን የሚያነብና የሚጠይቅ ብዙ ኬሚስት ይፈልጋል። ከሱ ላይ ሁለት ነገር መውሰድ ግን እንችላለን፦ ተጠያቂ አድራሻውንና የመጠየቅ መብቱን። ሁለቱም ላቦራቶሪ አይጠይቁም።

አስቀድሞ መፍቀድ ብቻውን እንደማይበቃ ጃፓን አይታለች። ጃፓን በ1968 በምግብ ዘይት ውስጥ በገባ ፒሲቢ የተባለ የፋብሪካ ኬሚካል ብዙ ሰው ከታመመባት በኋላ፣ በ1973 አዳዲስ ኬሚካሎች ገበያ ከመግባታቸው በፊት እንዲመረመሩ ሕግ አወጣች። በዚህ ከቀዳሚዎቹ አንዷ ናት። ለመዋቢያም የራሷ የፈቃድ ሥርዓት አላት። ይህ ሁሉ እያለ በ2013 ሮዶዴኖል የተባለ ቆዳ የሚያቀላ፣ ፈቃድ ያገኘ ንጥረ ነገር ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ቆዳ ላይ ነጫጭ ለምጽ መሰል ቦታዎች አወጣ። ምርቶቹ ከገበያ ተሰበሰቡ። ፈቃድ ከተሰጠ በኋላም ሐኪም ያየውን የሚያሳውቅበት መስመር ያስፈልጋል።

## አንድ በአንድ መርምሮ መወሰን

አሜሪካ በ1976 ስለ ኬሚካሎች ያወጣችውን ሕግ ብዙ ሰው "ሚዛናዊ" ይለዋል። መንግሥት እያንዳንዱን ኬሚካል ይመረምራል፣ ጉዳቱንና ጥቅሙን ያመዛዝናል፣ ከዚያ ይወስናል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ውጤቱን ግን እንየው።

ሕጉ ሲወጣ ገበያ ላይ የነበሩ 62 ሺህ ያህል ኬሚካሎች ሳይመረመሩ እንዲቀጥሉ ተደረገ። ከዚያ በኋላ በነበሩት 40 ዓመታት የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በዚህ ሕግ ገደብ ሊጥልባቸው የቻለው 5 ላይ ብቻ ነው። ለግንባታ ዕቃ የሚውለውን ጭረታማ ማዕድን፣ አስቤስቶስን ብቻ እንውሰድ። ካንሰር እንደሚያመጣ ማንም አይጠራጠርም። መሥሪያ ቤቱ ዓመታት ፈጅቶ ማስረጃ ሰበሰበና በ1989 አብዛኛውን አጠቃቀም ከለከለ። በ1991 ፍርድ ቤት "ከሁሉ የቀለለውን አማራጭ መምረጣችሁን አላሳያችሁም" ብሎ የክልከላውን አብዛኛውን ክፍል ሻረው። ሕጉ በ2016 ተሻሻለ። ክሪሶታይል የሚባለው አስቤስቶስ የተከለከለው በመጋቢት 2024 ነው።

ከዚህ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። ረቂቅ ሕግ ውስጥ "ጉዳቱ በበቂ ማስረጃ ሲረጋገጥ" የሚል ሐረግ ካያችሁ አቁሙና ጠይቁ። በማን ማስረጃ? እስከ መቼ? እስከዚያስ ዕቃው ይሸጣል? ሀብታም አገር 40 ዓመት ያልበቃው መንገድ ለኛ አይመከርም። ይህን በጽኑ አምናለሁ።

## ማስጠንቀቂያ መለጠፍ

ካሊፎርኒያ በ1986 በሕዝብ ድምፅ ፕሮፖዚሽን 65 የተባለውን ሕግ አጸደቀች። ካንሰር ወይም የመውለድ ችግር የሚያመጡ ተብለው የተዘረዘሩ 900 ያህል ኬሚካሎች አሉ። ዕቃው ውስጥ ካሉ ሻጩ ማስጠንቀቂያ ይለጥፋል። ካልለጠፈ ማንኛውም ዜጋ ሊከስሰው ይችላል።

ድክመቱ ይታወቃል። ማስጠንቀቂያው ሲበዛ ሰው ማንበቡን ይተዋል። በ2018 አንድ ዳኛ ቡና ሲቆላ በሚፈጠር አክሪላማይድ የተባለ ኬሚካል ምክንያት ቡና ላይም ማስጠንቀቂያ ይለጠፍ ብለው ነበር። በ2019 ግዛቲቱ ራሷ ቡናን ነፃ አደረገች። ስኒው ላይ ካንሰር የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ሌላውን ጽሑፍ ሁሉ አያምንም።

ጥንካሬው ደግሞ ብዙ ጊዜ አይወራለትም። አምራቾች ማስጠንቀቂያ መለጠፉን ስለሚጠሉ ቅመማውን ይለውጣሉ። ትልልቆቹ የኮላ አምራቾች በ2012 የካራሜል ቀለማቸውን አሠራር የለወጡት ከዚህ የተነሳ ነው።

ለወሎ? ለብቻው አልመክረውም። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛ ወይም በቻይንኛ በሆነበት መደርደሪያ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር ማንን ያድናል? ከክልከላ ጋር ተደርቦ፣ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ፣ በሥዕል ከሆነ ግን ይረዳል። በተለይ በረኪናና የተባይ መድኃኒት ላይ። እነዚህ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድተው ስለሚሸጡ ማስጠንቀቂያው ከመጀመሪያው ዕቃ ጋር ይቀራል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው አገልብጦ መሸጥን መከልከል ነው።

## የበጎ ፈቃድ ምልክት

ጀርመን በ1978 ብሉ ኤንጅልን ጀመረች። የሰሜን አውሮፓ አገሮች በ1989 የስዋን ምልክትን አመጡ። ደህና የሆነ ምርት ምልክቱን ያገኛል፣ መርጦ የሚገዛ ሰው ያየዋል። ጥሩ ነው። ግን ገንዘብና ምርጫ ላለው ገዥ ነው። እኛ ጋ ምልክቱ ያለበት ዕቃ ብዙም አይመጣም።

## ከፋብሪካው መቀነስ

ማሳቹሴትስ የተባለችው የአሜሪካ ግዛት በ1989 ያወጣችው ሕግ መከልከልን አላስቀደመም። ብዙ መርዛማ ኬሚካል የሚጠቀም ፋብሪካ ስንት እንደተጠቀመ ይዘግባል፣ ክፍያ ይከፍላል፣ እንዴት እንደሚቀንስም ዕቅድ ያወጣል። ዕቅዱን እንዲፈጽም አይገደድም። ብዙዎቹ ግን ዕቅዱን ሲሠሩ ገንዘብ እያባከኑ እንደነበር አዩና ቀነሱ። ከክፍያው ገንዘብ በሎዌል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ተቋም ይተዳደራል። ተቋሙ ለፋብሪካዎቹ ተተኪ ኬሚካል ይሞክርላቸዋል። የተተኪውን ጥያቄ በደንብ የመለሰው ይህ መንገድ ነው።

ኮምቦልቻን ያሰበ ሰው ይህን በጥሞና ማየት አለበት። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ። ወደ ቦርከና በሚገቡት ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጋር የሚወርድ ክሮሚየም አግኝተዋል። ክሮሚየሙ ቆዳውን ለማልፋት የገባ ነው። በቆዳ ጫማው ውስጥና በታችኛው ተፋሰስ ገበሬ ውሃ ውስጥ ያለው ስጋት አንድ ምንጭ አለው። ወሎ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው። ፋብሪካና ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ ውስጥ ጎረቤት ሆነው የሚገኙበት ቦታ በአገራችን ብዙ አይደለም።

## ገበያ ወርዶ መለካት

ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሰጠኝ ባንግላዴሽ ነች። እዚያ እርድ የተባለውን ቅመም የሚሸጡ ነጋዴዎች ቢጫው እንዲደምቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል ሊድ ያለበት ቢጫ ማቅለሚያ ይጨምሩበት ነበር። ልማዱ የተጀመረው በ1980ዎቹ ጎርፍ እርዱን አርጥቦ ካደበዘዘው በኋላ እንደሆነ ይነገራል። የአንድ ሰሞን ማካካሻ ለአሥርተ ዓመታት የእናቶችና የሕፃናት ደም ውስጥ ሊድ ሲያስገባ ኖረ።

በ2019 ተመራማሪዎች ምንጩን አረጋገጡ። የአገሪቱ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን አብሯቸው ተነሳ። መጀመሪያ ለሕዝቡም ለነጋዴውም ነገሩት። በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥን፣ በገበያ ውስጥ በተለጠፈ ወረቀት። ከዚያ በዳካ ትልቁ የጅምላ ቅመም ገበያ ከተንቀሳቃሽ ችሎት ጋር ወረዱ። ኤክስ አር ኤፉን ይዘው እዚያው ለኩ። ሊድ የተገኘባቸው ሁለት ጅምላ ነጋዴዎች በአደባባይ ተቀጡ፣ እርዱም ተወረሰ። ዜናው አገር አዳረሰ።

በ2019 ከተመረመረው የገበያ እርድ 47 በመቶው ሊድ ነበረበት። በ2021 ዜሮ ሆነ። በእርድ ወፍጮ ሠራተኞች ደም ውስጥ ያለው ሊድም ቀነሰ።

ለምን ሠራ? አንድ ነገር ብቻ ላይ አተኮሩ። የሚለካ ነገር መረጡ። ከመቅጣታቸው በፊት አሳወቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የመንደር ቸርቻሪ ላይ ሳይሆን ጅምላው ላይ ሄዱ። ባቲ ላይ ጥቂት ቆርቆሮ ክሬም ዘርግታ የተቀመጠች እናት ያንን ሁሉ ዕቃ ብትወረስ የልጆቿን ቀለብ ታጣለች፤ ያመጣው ሰው ግን አይነካም። ደንብ ሲረቀቅ "ቸርቻሪ ላመጣለት ጅምላ ሻጭ መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል" የሚል አንቀጽ እንዲገባ መታገል ያስፈልጋል።

መሣሪያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። ለአንድ ከተማ ከባድ ነው። ለክልል ግን ከአንድ መኪና ዋጋ ብዙ አይርቅም። አንዱ መሣሪያ ቀለሙን፣ ክሬሙን፣ ኩሉን፣ መጫወቻውን፣ ከቁርጥራጭ ብረት የቀለጠውን ድስትና የተፈጨውን እርድ ሁሉ ይለካል።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ማስረጃው የማን ነው | ሱቅ ይደርሳል? | ለማስከበር የሚፈልገው | ተተኪውን ያያል? | የመንግሥት ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| ለይቶ መከልከል | መንግሥት አንዴ ይወስናል | ቁጥጥር ካለ ብቻ | መለኪያና ተቆጣጣሪ | ብዙ ጊዜ አያይም | መካከለኛ |
| ማስመዝገብ (ሪች) | አምራችና አስመጪ | በከፊል | ብዙ ባለሙያ | በከፊል | ከፍተኛ |
| አንድ በአንድ መመርመር | መንግሥት | በጣም ዘግይቶ | ዓመታትና ጠበቃ | ያያል፣ ግን ይዘገያል | ከፍተኛ |
| ማስጠንቀቂያ | ሻጭ | ያነበበ ካለ | የሚከስ ዜጋና ፍርድ ቤት | አያይም | ዝቅተኛ |
| የበጎ ፈቃድ ምልክት | አምራች | ለጥቂት ገዥ | መርማሪ ተቋም | ያያል | ዝቅተኛ |
| ከፋብሪካ መቀነስ | ፋብሪካው | ከምንጩ | ዩኒቨርሲቲና ክፍያ | በደንብ ያያል | መካከለኛ |
| ገበያ ላይ መለካት | መንግሥት፣ እዚያው | አዎ | ኤክስ አር ኤፍ፣ ፈጣን ውሳኔ | አያይም | መካከለኛ |

ሰንጠረዡ ውስጥ ያልገባ አንድ መንገድ አለ፤ የመንግሥት ግዥ። አዲስ ሕግ ስለማይጠይቅ ለብቻው አስቀመጥኩት።

## ለማን የትኛው?

በጀት ለሌለው ከተማ፣ ወረዳና ትምህርት ቤት። ግዥያችሁን ተጠቀሙበት። ከጦርነቱ ወዲህ የሚታደሰው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ብዙ ነው፤ ሁሉም ይቀባል። የጨረታ ሰነዱ ላይ ይህን መስመር ጨምሩ፦ "የሚቀርበው ቀለም የሊድ መጠን ከ90 ፒፒኤም በታች መሆኑን የሚያሳይ የላቦራቶሪ ውጤት ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር ይያያዝ።" ሕጉ ቀድሞም አለ። እናንተ ወረቀቱን መጠየቅ ነው የሚጠበቅባችሁ። ሳን ፍራንሲስኮ በ2005 ያወጣችው የግዥ ደንብ በዚሁ መንገድ የሄደ ነው፤ ከተማው ሲገዛ ጉዳቱ የቀነሰውን አማራጭ ፈልጎ ይገዛል። ዕድር፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን የሚያሳድሱ ኮሚቴዎችም ይህንኑ ማድረግ ይችላሉ።

መጠነኛ በጀት ላለው ዞንና ክልል። አንድ ኤክስ አር ኤፍ፣ አንድ የሠለጠነ ቡድን፣ ሦስት ዕቃ። እኔ ብመርጥ ዘይት ቀለም፣ ፊት የሚያቀላ ክሬምና የሕፃናት መጫወቻን አስቀድማለሁ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ጅምላ ሻጮች ይጀመር። መጀመሪያ ማሳወቅ፣ ቀጥሎ መለካት፣ ከዚያ መቅጣት። ውጤቱ በሬዲዮ በምርት ስም ይነገር። ሃይድሮኪኖን በዚህ መሣሪያ ስለማይታይ፣ የይዘት ዝርዝርና የአስመጪ አድራሻ የሌለው ክሬም እንዳይሸጥ ማድረግ ይሻላል። ይህን ለማየት ዓይን ይበቃል።

ለፌዴራል ሕግ አርቃቂ። ለመዋቢያ ተጠያቂ አድራሻን፣ ለገዥ የመጠየቅ መብትን ከአውሮፓ ውሰዱ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መዋቢያን ስለሚሸፍን መነሻው አለ። የአሜሪካን የ1976 መንገድ ተዉት። የተከለከለውን ስታወጡ ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸውን ኬሚካሎች በቡድን ከልክሉ፤ አለበለዚያ የቢፒኤ ታሪክ ይደገማል።

ለኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ለዩኒቨርሲቲው። የማሳቹሴትስ መንገድ ለናንተ ነው። ወደ አውሮፓ የሚልክ ፋብሪካ የኬሚካል ጥያቄ ከገዥው መምጣቱ አይቀርም። ቀድሞ የቀነሰ ገበያውን ይይዛል።

ለቤት። ሕጉ እስኪደርስ ልትጠነቀቁበት የሚገባ ነገር አለ። ይዘቱ ያልተጻፈበት ክሬም አትግዙ። ማሸጊያው ላይ ካሎሜል፣ መርኩሪክ ወይም መርኩሪዮ የሚል ካለ ሜርኩሪ ነው። ወርቅ፣ ብር ወይም አሉሚኒየም እንዳይነካ የሚያሳስብ ክሬምም አጠራጣሪ ነው፤ ሜርኩሪ ከእነዚህ ብረቶች ጋር ይዋሃዳልና። ለቤት ውስጥ ግድግዳ ከዘይት ቀለም ይልቅ ፕላስቲክ ቀለም ይመረጣል። የቆየ ቀለም በደረቁ አትፋቁ፤ አርጥባችሁ ፋቁ፣ ልጆችን አርቁ። የተጠራጠራችሁትን ክሬም እሳት ውስጥ አትጣሉ፤ ሜርኩሪው ይተንና በሳንባ ይገባል። ክዳኑን ገጥማችሁ፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ፣ ከነማሸጊያው ለጤና ጽሕፈት ቤት አስረክቡ። ማሸጊያው ላይ ያለው የምርት ቁጥር ዕቃው ከየት እንደመጣ ለማወቅ ያስፈልጋቸዋል።